የካንሰር ሴልን ለመያዝና ለማከም የሚውሉ ናኖ ቁሶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታካሚዎችና አስታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እየሄድን እንመልሳለን፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናኖ ቁስ ምንድን ነው?

አንድ ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ርዝመት ናኖሜትር ይባላል። ናኖ ቁስ የሚባለው ደግሞ ቢያንስ በአንድ ጎኑ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚለካ ነገር ነው። በሕክምናው ዓለም ከዚህ ትንሽ የሚበልጡትንም በዚሁ ስም መጥራት ተለምዷል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። የቀይ የደም ሴል ስፋት ከ7,000 እስከ 8,000 ናኖሜትር ነው። የዲኤንኤ ውፍረት ግን 2 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ናኖ ቁሶች ከስብ፣ ከፕሮቲን፣ ከወርቅ፣ ከብረት ኦክሳይድ፣ ከሲሊካ ወይም ከካርቦን ሊሠሩ ይችላሉ። ጠባያቸውም እንደ ሥሪታቸው ይለያያል። ስለዚህ ስለ አንዱ የተረጋገጠ ነገር፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ለሌላው አይሠራም።

ትንሽ መሆኑ ለካንሰር ሕክምና ምን ይጠቅማል?

አንድን ነገር እያደቀቁት በሄዱ ቁጥር ገጹ እየሰፋ ይሄዳል። በጣም ጥቂት ግራም የናኖ ቅንጣት እጅግ ሰፊ ገጽ አለው። በዚያ ገጽ ላይ መድኃኒት መጫን፣ ወይም የካንሰር ሴልን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል መለጠፍ ይቻላል።

ሌላው ነገር የቁሱ ጠባይ መለወጡ ነው። ብረት ኦክሳይድ በዚህ መጠን ሲዘጋጅ ማግኔት ሲቀርበው ይሳባል፤ ማግኔቱ ሲርቅ ደግሞ መግነጢሳዊነቱን ያጣል። በዚህም የተነሳ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው አይጓጉሉም። ወርቅም እንዲሁ ነው። በትክክለኛው መጠንና ቅርፅ ከተሠራ የተወሰነ ዓይነት ብርሃን ውጦ ወደ ሙቀት ይቀይራል። የጣት ቀለበት ይህን አያደርግም።

"የካንሰር ሴልን መያዝ" ሲባል ከየት ነው የሚያዘው?

በአብዛኛው ከደም ነው። ዕጢ እያደገ ሲሄድ አንዳንድ ሴሎቹ ተላቀው ወደ ደም ሥር ይገባሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ሌላ የሰውነት ክፍል ደርሰው ሥር ይሰዳሉ። ካንሰር ከሚሰራጭባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቶማስ አሽዎርዝ በ1869 በካንሰር የሞተ ሰው ደም ውስጥ ከዕጢው ሴሎች ጋር የሚመሳሰሉ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ አይቶ ጽፏል። ማየቱ ያን ጊዜም ተችሏል። ለይቶ ማውጣቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ያስቸገረው ቁጥራቸው ነው። በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ቢሊዮን ያህል ቀይ የደም ሴሎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። ካንሰሩ በተሰራጨበት ሰው ደም ውስጥ እንኳ በዚያው 1 ሚሊ ሊትር የሚገኙት የካንሰር ሴሎች ብዙ ጊዜ 10 አይሞሉም። አንዳንዴም ጭራሽ አይገኙም። እነዚህን ጥቂቶች ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ለቅሞ ለማውጣት ነው ናኖ ቁስ ያስፈለገው።

ታዲያ እንዴት ይለያሉ?

በጣም የታወቀው መንገድ በማግኔት መሳብ ነው። ከጡት፣ ከአንጀት፣ ከፕሮስቴትና ከመሳሰሉት አካላት የሚነሱ የካንሰር ሴሎች ብዙዎቹ ገጻቸው ላይ ኤፕካም የተባለ ፕሮቲን አላቸው። የደም ሴሎች ግን የላቸውም። ስለዚህ የብረት ናኖ ቅንጣቶች ኤፕካምን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ በተባለ ፕሮቲን ይሸፈኑና ከደም ናሙናው ጋር ይቀላቀላሉ። ቅንጣቶቹ የካንሰር ሴሉን ከብበው ይጣበቁበታል። ከዚያ ማግኔት ይቀርባል፤ የተጣበቁት ወደ ጎን ይሳባሉ፤ ሌላው ደም ይታጠባል። የቀሩት በቀለም ተለይተው ይቆጠራሉ። ነጭ የደም ሴል ሾልኮ ገብቶ ቢሆን እንኳ የራሱ መለያ ስላለው ይታወቃል። ሴልሰርች የተባለው ምርመራ የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። የሚጠቀመው 7.5 ሚሊ ሊትር ደም ሲሆን በ2004 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቷል።

ሁለተኛው መንገድ ደሙን በትንሽ ቺፕ ላይ ማሳለፍ ነው። በማሳቹሴትስ አጠቃላይ ሆስፒታል የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2007 ያሳዩት ቺፕ በአንቲቦዲ የተሸፈኑ 78,000 ጥቃቅን ምሰሶዎች ነበሩት። ደሙ በምሰሶዎቹ መሃል ቀስ እያለ ሲያልፍ የካንሰር ሴሎቹ ይያዛሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2009 የቺፑን ወለል በሲሊከን ናኖ ምሰሶዎች ሸፈኑት። የሴሉ ገጽ ለስላሳ አይደለም፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ዘርፎች አሉት። ወለሉም በዚያው ልክ ሻካራ ሲሆን ዘርፎቹ ይጠላለፉበታል፤ ሴሉም በቀላሉ አይላቀቅም። በ2013 ሚሺጋን ውስጥ የተሠራው ቺፕ ግራፊን ኦክሳይድ የተባለ ከካርቦን የሚገኝ እጅግ ስስ ቁስ ተጠቅሟል። እዚህ መስክ ውስጥ በጣም የሚማርከኝ ይህ ነው። አንቲቦዲው ብቻ ሳይሆን የወለሉ ሻካራነት ራሱ ሥራ ይሠራል።

በዚህ ምርመራ ካንሰር እንዳለብኝ ወይም እንደሌለብኝ ማወቅ እችላለሁ?

አይቻልም። ምርመራው የተፈቀደው ካንሰሩ ተሰራጭቶ በምርመራ ለተረጋገጠባቸው ታካሚዎች ነው፤ ያውም ለጡት፣ ለፕሮስቴትና ለትልቁ አንጀት ካንሰር። ጤነኛ ሰው "እስቲ ልመርመር" ብሎ የሚሄድበት አይደለም። ገና በጀመረ ካንሰር ወደ ደም የሚገቡት ሴሎች በጣም ጥቂት ናቸው። በአንድ ብልቃጥ ደም ውስጥ አንድም ላይገኝ ይችላል። ዜሮ የሚል ውጤት "ካንሰር የለብዎትም" ማለት አይደለም።

እብጠት፣ ያልተለመደ የደም መፍሰስ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ መንገዱ የተለመደው ነው፦ ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ ምስል መነሳት፣ ካስፈለገም ናሙና መስጠት።

ውጤቱ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ምን ይናገራል?

በሴልሰርች የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር መለያ ቁጥሩ 5 ነው። በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሴሎች ከተገኙ በሽታው ከበድ ያለ አካሄድ ሊኖረው እንደሚችል ያመለክታል። ለትልቁ አንጀት ካንሰር መለያው 3 ነው። ይህ ብዙ ታካሚዎችን በመከታተል የተገኘ ግምት ስለሆነ የአንድን ሰው ዕድሜ አይወስንም። 8 ሴል ተገኝቶባቸው ለረጅም ጊዜ በደህና የቆዩ ሰዎች አሉ።

የበለጠ ከባዱ ጥያቄ ቁጥሩን ካወቅን በኋላ ምን እናድርግ የሚለው ነው። ይህ በትልቅ ጥናት ተፈትኗል። የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች የመጀመሪያውን ዙር ኬሞ ከወሰዱ በኋላ ቁጥራቸው ካልቀነሰ በሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ወዲያው ኬሞው ተቀየረላቸው፤ ሌሎቹ በነበረው ቀጠሉ። በ2014 የወጣው ውጤት በሁለቱ መካከል በዕድሜ ርዝመት ልዩነት አላሳየም። ቁጥሩ እውነት ይናገራል፤ ነገር ግን ሌላ የተሻለ መድኃኒት ከሌለ ማወቁ ብቻ ዕድሜ አይጨምርም። በብዙ ቦታ ምርመራው የዕለት ተዕለት ሥራ ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተያዙት ሴሎች ከመቆጠር ሌላ ይጠቅማሉ?

አዎ፤ እኔ እንደማየው ወደፊት ዋናው ጥቅማቸው ይሄ ነው። ካንሰር እየቆየ ይለወጣል። ከሦስት ዓመት በፊት ከዕጢው የተወሰደ ናሙና የዛሬውን በሽታ ላይወክል ይችላል። ጉበት ወይም አጥንት ውስጥ ከገባ ዕጢ በየጊዜው ናሙና መውሰድ ደግሞ ያማል፤ አደጋም አለው። ከክንድ ደም መቅዳት ግን ቀላል ነው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የፕሮስቴት ካንሰር ነው። በ2014 የወጣ ጥናት በደም ውስጥ ከተያዙ ሴሎች ላይ ኤአር-ቪ7 የተባለ የተቀባይ (የሆርሞን መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን) ዓይነት የተገኘባቸው ታካሚዎች ኢንዛሉታማይድ እና አቢራቴሮን ለተባሉት መድኃኒቶች ምላሽ እንደማይሰጡ አሳይቷል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ በማይሠራ መድኃኒት ወራት ከማባከን ያድናል። ሴሎቹ ሳይሞቱ ከቺፑ ከተላቀቁ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግና መድኃኒት መሞከሪያ ማድረግ ይቻላል። ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ግን ይህ ብዙ ጊዜ አይሳካም።

አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ከመያዝ ያመልጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ወደ ሌላ አካል ለመሰራጨት የሚዘጋጅ ሴል ጠባዩን ይቀይራል። ከጎረቤቶቹ ጋር አጣብቆ የሚይዘውን ነገር ይቀንሳል፤ ኤፕካምም አብሮ ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ኤፕካምን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ታዲያ በጣም አደገኛዎቹን ሊያልፋቸው ይችላል። ይህ የዘዴው ትልቁ ድክመት ነው።

መፍትሔ ተብለው የተሞከሩ መንገዶች አሉ። አንዱ የተለያዩ አንቲቦዲዎችን ቀላቅሎ መጠቀም ነው። ሌላው በመጠን መለየት ነው፤ የካንሰር ሴል በአብዛኛው ከደም ሴል ይተልቃልና። ነገሩን ገልብጠው የሚሠሩም አሉ። ነጭ የደም ሴሎቹን በማግኔት ስበው ያስወግዱና የቀረውን ይመረምራሉ። በዚህ መንገድ የካንሰር ሴሉ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም።

ወደ ሕክምናው እንምጣ። አሁን ታካሚ የሚወስዳቸው የናኖ መድኃኒቶች አሉ?

አሉ፤ ከጀመሩም ቆይተዋል። የመጀመሪያው ዶክሲል ነው። በ1995 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የቆየ ኬሞ ሊፖዞም በሚባል 100 ናኖሜትር ገደማ በሆነ የስብ ከረጢት ውስጥ የያዘ ነው። መጀመሪያ የተፈቀደው ከኤድስ ጋር ለሚመጣ ካፖሲ ሳርኮማ ለተባለ ካንሰር ሲሆን ኋላ ለእንቁልጢ (ለሴት እንቁላል ማመንጫ) ካንሰርና መልቲፕል ማይሎማ ለተባለው የመቅኒ ካንሰር ተጨመረ። በ2005 አብራክሴን መጣ። እሱ ፓክሊታክሴልን አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር አጣምሮ 130 ናኖሜትር በሆኑ ቅንጣቶች ያቀርባል። በ2015 ለጣፊያ ካንሰር ኦኒቫይድ፣ በ2017 ለአንድ ዓይነት ከባድ የደም ካንሰር ቪክሲዮስ ተፈቅደዋል። እዚህ ጣፊያ የምንለው ከጨጓራ ጀርባ ያለውንና ኢንሱሊን የሚያመነጨውን አካል ነው።

ምን ያህል ይጠቅማሉ? ተስፋን ከልክ ሳናሳንስ ሳናጋንን ቁጥሩን እንመልከት። ቪክሲዮስ ከ60 እስከ 75 ዓመት በሆኑ ታካሚዎች ላይ ሲፈተን መካከለኛውን የመኖር ዕድሜ ከ6 ወር ገደማ ወደ 9 ወር ተኩል አድርሶታል። ኦኒቫይድ ከሌላ ኬሞ ጋር ተጨምሮ ከ4.2 ወር ወደ 6.1 ወር ከፍ አድርጓል። ለቤተሰብ ሁለት ወር ብዙ ነው። ሆኖም ይህ ፈውስ አይደለም፤ ሐኪሙም እንዲህ ብሎ በግልጽ ሊናገር ይገባል።

ከተለመደው ኬሞ በምን ይሻላሉ? የጎንዮሽ ጉዳት የላቸውም?

ጉዳት አላቸው፤ የጉዳቱ ዓይነት ነው የሚለየው። ዶክሶሩቢሲን ልብን ይጎዳል። ከተወሰነ መጠን በላይ መስጠት የማይቻለውም ለዚህ ነው። የልብ የደም ሥሮች ግድግዳ የተጠጋጋ ስለሆነ ሊፖዞሙ በቀላሉ አያልፈውም። በ2004 የታተመ 509 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ዶክሲልን ከተራው ዶክሶሩቢሲን ጋር አወዳድሮ ነበር። ካንሰሩን በመግታት በኩል ተቀራራቢ ሆኑ። የልብ ጉዳቱ ግን በዶክሲል እጅግ ያነሰ ነበር። በእኔ እይታ የናኖ መድኃኒት እስካሁን ያስመሰከረው ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ካንሰሩን በተለየ ኃይል ከመምታቱ ይልቅ ሌላውን አካል ማትረፉ።

በሌላ በኩል ዶክሲል በደም ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ወደ መዳፍና ወደ እግር ቆዳ ይደርሳል። መዳፍና ውስጥ እግር ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይላጣል። መድኃኒቱን በወሰዱ ሰሞን ሙቅ ውሃ፣ ጠባብ ጫማና ቆዳን የሚፈትግ ሥራ ማስወገድ ይረዳል። በመጀመሪያው መርፌ ጊዜ ደግሞ አንዳንድ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ደረቱን ይጨንቀዋል። ሲሰማዎት ሳይቆዩ ለነርሷ ይንገሩ። ፍጥነቱ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ ያልፋል። አብራክሴን ከተራው ፓክሊታክሴል ጋር የሚሰጠውን ከባድ አለርጂ የሚያመጣ ማሟሚያ አይፈልግም፤ በ30 ደቂቃ ይሰጣል። ግን የእጅና የእግር መደንዘዝ ያበዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የናኖው መድኃኒትና ተራው አንድ ዓይነት ስም ስላላቸው ብቻ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። መጠናቸው ይለያያል፤ መቀላቀላቸው ሰው ሊገድል ይችላል። የትኛው እንደታዘዘልዎት ሙሉ ስሙን ጽፈው ይያዙ።

ቅንጣቶቹ ዕጢውን ፈልገው ያገኙታል?

ፈልገው አያገኙትም። ምንም ሞተር የላቸውም፤ ደም በወሰዳቸው ይሄዳሉ። እስካሁን ሲባል የኖረው ማብራሪያ በ1986 ጃፓናውያኑ ማትሱሙራና ማኤዳ ያቀረቡት ነው። የዕጢ የደም ሥሮች ተጣድፈው ስለሚያድጉ ግድግዳቸው ክፍተት አለው። ቅንጣቶቹ በክፍተቱ ሾልከው ይገባሉ። የዕጢው የፍሳሽ መውጫም ደካማ ስለሆነ እዚያው ይቀራሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ በአይጥም ላይ በደንብ ይታያል። በሰው ላይ ግን ከዕጢ ዕጢ፣ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። በ2020 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የወጣ የእንስሳት ጥናት ደግሞ አብዛኞቹ ቅንጣቶች የሚገቡት በክፍተት ሳይሆን የደም ሥሩ ሴሎች ራሳቸው እየተቀበሉ ሲያሳልፏቸው እንደሆነ አመልክቷል።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የምርምር ቡድን በ2016 የአሥር ዓመት የእንስሳት ጥናቶችን ሰብስቦ መዝኖ ነበር። ከተሰጠው የናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው ጉበትና ቆሽት ውስጥ ይቀራል፤ ቆሽት የምንለው እዚህ ላይ በግራ ጎን ያለውን ደም የሚያጣራ አካል ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ተራ ኬሞም ቢሆን ዕጢው ጋ የሚደርሰው ትንሹ ክፍሉ ነው። የቅንጣቱን ገጽ ዕጢውን በሚለይ ሞለኪውል መሸፈንም በቂ መፍትሔ አልሆነም። ሞለኪውሉ የሚሠራው ቅንጣቱ ሴሉ አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የደም ፕሮቲኖች ቅንጣቱን ስለሚለብሱት መለያው ሊሸፈን ይችላል። በዚህ ዘዴ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ባይንድ ቴራፒዩቲክስ የተባለ ኩባንያ በ2016 ኪሳራ አውጇል።

ወርቅን ወይም ብረትን በማሞቅ ዕጢን መግደል ይቻላል?

ይቻላል፤ በሰው ላይም ተሞክሯል። በወርቅ የተለበጡ የሲሊካ ቅንጣቶች በራይስ ዩኒቨርሲቲ በናኦሚ ሃላስና በጄኒፈር ዌስት ምርምር ነው የዳበሩት። ቅንጣቶቹ በደም ሥር ይሰጣሉ። ከዚያ በቀጭን መርፌ የገባ የሌዘር ብርሃን ያሞቃቸዋል። በ2019 የታተመው የመጀመሪያ ውጤት በፕሮስቴት ካንሰር የታመሙ 16 ወንዶችን ነው የያዘው። ተስፋ ሰጪ ነበር፤ ግን 16 ሰው ትንሽ ነው። ብርሃኑ ወደ ሰውነት ጥልቅ ብሎ መግባት ስለማይችል ለተሰራጨ ካንሰር አይሆንም።

የብረቱ ሙቀት ሌላ ነው። ናኖተርም የተባለው ሕክምና በ2010 ለአንጎል ዕጢ በአውሮፓ ተፈቅዶ ነበር። የብረት ኦክሳይዱ በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ይወጋል፤ በተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይሞቃል። ታካሚው ጥርሱ ውስጥ ብረት ካለ ከሕክምናው በፊት መውጣት ነበረበት። ከዚያም በኋላ ዕጢውን በኤምአርአይ መከታተል አይቻልም፤ ብረቱ ምስሉን ያበላሸዋል። እንዲህ ያለው ዋጋ በዜና ላይ አይነገርም፤ ታካሚው ግን ከመወሰኑ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

ከሁለቱ የተለየው ሃፍኒየም ከተባለ ብረታ ብረት የሚሠራው ሃፍኒየም ኦክሳይድ ነው። አይሞቅም። ዕጢው ውስጥ ይወጋና የጨረር ሕክምና ሲሰጥ ጨረሩ እዚያ ቦታ የሚያደርሰውን ጉዳት ያጠናክራል። በለስላሳ ሕብረ አካል ሳርኮማ (እንደ ጡንቻና ስብ ካሉ አካላት በሚነሳ ካንሰር) ላይ በተደረገ ሙከራ ዕጢያቸው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሞተላቸው ታካሚዎች በጨረር ብቻ 8 በመቶ ሲሆኑ ከቅንጣቱ ጋር 16 በመቶ ሆነዋል። በ2019 በአውሮፓ ፈቃድ አግኝቷል።

ከኮቪድ ክትባት ጋር ግንኙነት አለው?

አለው። በ2020 የወጡት የኤምአርኤንኤ ክትባቶች ሴሉ የትኛውን ፕሮቲን እንዲሠራ የሚነግረውን መልእክት (ኤምአርኤንኤ) ወደ ሴል ያስገቡት በስብ ናኖ ቅንጣት ነው። ይኸው ዘዴ አሁን ለካንሰር እየተሞከረ ነው። የታካሚው ዕጢ ይመረመራል፤ የእሱ ብቻ የሆኑ ለውጦች ይመረጣሉ፤ ከዚያ ለእሱ ብቻ የሚሆን ክትባት ይዘጋጃል። ሞደርናና መርክ የተባሉት የመድኃኒት ኩባንያዎች ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ላይ ባደረጉት የ157 ሰዎች ሙከራ ክትባቱ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ በሽታው የማገርሸት ወይም የሞት አደጋን በ44 በመቶ ቀንሷል። እዚህ ቅንጣቱ ዕጢ ፍለጋ መሄድ አይጠበቅበትም። ጡንቻ ላይ ተወግቶ የሰውነትን መከላከያ ማስተማር ነው ሥራው። ለዚህ ይመስለኛል ፈጥኖ የተራመደው።

ቅንጣቶቹ ከሰውነት ይወጣሉ?

እንደ ቁሱ ነው። ከ6 ናኖሜትር ያነሱት በኩላሊት ተጣርተው በሽንት ይወጣሉ። ተለቅ ያሉትን ጉበት ይይዛቸዋል። ስብና ፕሮቲን ተፈጭተው ያልቃሉ። ብረቱም ከሰውነት የብረት ክምችት ጋር ይቀላቀላል፤ እንዲያውም ፈሩሞክሲቶል የተባለው የብረት ናኖ ቅንጣት ከ2009 ጀምሮ ለደም ማነስ ይሰጣል። ወርቅ ግን አይፈርስም፤ ጉበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

ናኖ ቁስ ራሱ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል?

በዚህ በኩል ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡት ረጃጅምና ጠንካራ የካርቦን ናኖ ቱቦዎች ናቸው። በ2008 የወጣ ጥናት በአይጥ ሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ አስቤስቶስ የተባለው ካንሰር አምጪ የማዕድን ጭረት ከሚያመጣው ጋር የሚመሳሰል ቁጣ እንደሚያስከትሉ አሳይቷል። በ2014 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንዱን ዓይነት "በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል" ከሚላቸው ተርታ መድቦታል። አደጋው በዋናነት የሚመለከተው አቧራውን የሚተነፍሱ የፋብሪካና የላብራቶሪ ሠራተኞችን ነው። ከላይ የጠቀስናቸው በሥራ ላይ ያሉ መድኃኒቶች የካርቦን ቱቦ የለባቸውም።

በኢንተርኔት የሚሸጠው "ናኖ ወርቅ" ወይም "ናኖ ብር" ጠብታ ካንሰር ያድናል?

አያድንም። የሚጠጣ ናኖ ወርቅ ወይም ናኖ ብር ካንሰርን እንደሚፈውስ ያረጋገጠ የሰው ጥናት የለም። የብር ጠብታ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቆዳን ወደ ግራጫ ሰማያዊ ይቀይራል፤ ለውጡም አይለቅም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1999 እንዲህ ያሉ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የብር ምርቶች ለየትኛውም በሽታ ደህንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም እንዳልተረጋገጠ ወስኗል።

እባክዎ ይህን ጠብታ ብለው ኬሞ ወይም ቀዶ ሕክምና አያዘግዩ። ሊድን የሚችል ካንሰር የሚያመልጠው በእንዲህ ያሉ ወራት ውስጥ ነው። ጀምረው ከሆነም አይፈሩ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ይጋጭ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

በደም ውስጥ ያሉትን የካንሰር ሴሎች በሙሉ በማግኔት አጥቦ ማውጣት ለምን አይቻልም? ካንሰሩ አይቆምም ነበር?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎችም በቁም ነገር ይዘውታል። እንቅፋቱ ግን ብዙ ነው። በደም የሚዘዋወሩት ሴሎች አብዛኞቹ በሰዓታት ውስጥ ራሳቸው ይሞታሉ። ዕጢው ደግሞ ሌሎችን ይልካል። ዛሬ ደሙ ቢታጠብ ነገ ይሞላል። ከዚያም በላይ ካንሰሩ በታወቀበት ጊዜ አንዳንድ ሴሎች ቀድመው መቅኒ ወይም ሳንባ ውስጥ ገብተው ተኝተው ሊሆን ይችላል። እነዚያን የደም እጥበት አያገኛቸውም።

ይልቅ አቅጣጫ የሚያሳይ አንድ ግኝት አለ። በ2014 የወጣ የአይጥ ጥናት ተያይዘው የሚጓዙ የካንሰር ሴሎች ብቻውን ከሚጓዝ ሴል ከ23 እስከ 50 እጥፍ የመሰራጨት አቅም እንዳላቸው አሳይቷል። ሁሉንም ሴል ከማሳደድ እነዚህን ስብስቦች መበተን ይሻል ይሆን ወይ የሚለው ጥናት እየተካሄደበት ነው። እነሱን ሳይበትኑ ለይቶ መያዝ ራሱን የቻለ ቺፕ ይፈልጋል።

"ናኖ ቅንጣት ዕጢን አጠፋ" የሚል ዜና ሳነብ ምን ልመልከት?

መጀመሪያ ማን ላይ እንደተሞከረ ይመልከቱ። ሳህን ላይ ያደጉ ሴሎችን መግደል ቀላል ነው። አይጥም ቢሆን አታላይ ነው። ዕጢው ከቆዳው ሥር ይተከላል፤ በሳምንታት ያድጋል፤ ከአይጡ ክብደት አንጻር በጣም ትልቅ ይሆናል፤ የደም ሥሮቹም ከሰው ዕጢ ይበልጥ ያፈሳሉ። እዚያ የሠራ ቅንጣት ለዓመታት ቀስ ብሎ ባደገ የሰው ዕጢ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ከዚያ ከምን ጋር እንደተወዳደረ ይፈልጉ። ምንም ካልተሰጠው አይጥ ጋር ከሆነ ብዙ አይናገርም። አሁን ካለው ምርጥ ሕክምና ጋር ከሆነ ግን ጆሮ ሊሰጠው ይገባል።

በናኖ መድኃኒት ሙከራ እንድሳተፍ ተጠየቅኩ። ምን ልጠይቅ?

ደረጃው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ደረጃ ሙከራ የሚፈልገው ደህንነቱንና መጠኑን ማወቅ ነው፤ ታካሚው ራሱ ላይጠቀም ይችላል። ሁለተኛው መሥራቱን ይፈትሻል። ሦስተኛው ካለው ሕክምና ጋር ያወዳድራል። በየትኛው ላይ እንዳሉ ሳያውቁ አይፈርሙ። ሙከራውን ስገባ የትኛው የተረጋገጠ ሕክምና ይቀርብኛል ብለውም ይጠይቁ፤ ከሁሉም ይህ ይበልጣል።

ለናኖ ቁስ በተለይ የሚሆኑ ጥያቄዎችም አሉ። ቁሱ ከምን ተሠራ? ስንት ጊዜ ይቆያል? ወደፊት ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ብነሳ ምስሉን ያበላሻል? ጉበቴ ቀድሞ የተጎዳ ከሆነስ? በፈለጉ ጊዜ ምክንያት ሳይሰጡ ከሙከራው መውጣት መብትዎ ነው፤ ከወጡ በኋላም የተለመደው ሕክምናዎ ሊቋረጥ አይገባም። ቁሱ አንዴ ከተወጋ በኋላ ግን ተመልሶ የሚወጣ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው መቅደም ያለበት ከመርፌው በፊት ነው።